ዳንቴልና ፊርማ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሂሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ የቀረበ ንግግር)



የሂሳቡን ሪፖርት አንብቤ ጨርሻለሁ። ሊቀመንበራችን «በዚያው ስለ ቁጠባ ትንሽ ንገሪን» ብለውኝ ነበር። እኔ ግን ስለ ዳንቴል ልናገር ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። «እዚህ ቤት ዳንቴል የማያውቅ ማን አለና ነው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ኪሮሽና ክሯን ሳትይዝ የምትመጣ አባል ጥቂት ናት። ስለዚህ ዳንቴል ላስተምራችሁ አልተነሣሁም። ዳንቴል ስንሠራ የማናውቀውን ነገር እንዴት አድርገን እንደምናውቅ፣ ማንን እንደምንጠይቅ፣ ስንሳሳት ምን እንደምናደርግ ነው የማነሣው። ከዚያ ወደ ገንዘቡ እመለሳለሁ። የሂሳብ ሠራተኛ ነኝና ሳልመለስ አልቀርም።

እኔ ኪሮሽ የያዝኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ወልጄ በወሊድ ፈቃድ ቤት ስቀመጥ፣ በአንድ ግቢ የምንኖር አንዲት እናት ልጄን ለማየት እየመጡ አጠገቤ ይቀመጡ ነበር። ግቢው በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ እኔም ዛሬ እንደዚያው ልጥራቸው። እማማ ፊደል አልቆጠሩም። ነገር ግን ቤታቸው ስትገቡ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ የሶፋው መደገፊያ ላይ፣ የስኒው መሸፈኛ ላይ የእጃቸውን ሥራ ታያላችሁ። አንዱ ከሌላው አይመሳሰልም። እኔ የኮሌጅ ዲፕሎማ ይዤ፣ ዴቢትና ክሬዲት አስታርቄ የምውል ሰው፣ የመጀመሪያዋን ሰንሰለት ለመሥራት ሦስት ቀን ፈጀብኝ።

ዳንቴል የሚለው ቃል ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው። ሥሩ «ጥርስ» ማለት ነው፤ ጫፉ ጥርስ ጥርስ ስለሚመስል። ኪሮሽ የምንለውም ከዚያው ከፈረንሳይኛ ሲሆን ትንሽ መንጠቆ ማለት ነው። ሙያው እኛ ጋ ብቻ ያለ አይደለም። አየርላንድ ውስጥ በ1840ዎቹ (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ድንች በበሽታ ጠፍቶ ሕዝብ በረኀብ ሲያልቅ፣ ብዙ ሴቶች በኪሮሽ የሠሩትን ዳንቴል እየሸጡ ቤተሰባቸውን አትርፈዋል። አንዳንድ ቤተሰቦች የራሳቸውን አበባና ቅጠል ለጎረቤት እንኳ አያሳዩም ነበር። የሚያበላቸው ያ እውቀት ነበርና።

ለምን ይህን ሁሉ ጊዜ ዳንቴል ላይ አጠፋለሁ እያልኩ ራሴን ስጠይቅ፣ አንድ ነገር አነበብኩ። ካናዳ ውስጥ ያስተማሩ ሮበርት ስቴቢንስ የሚባሉ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር በ1982 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ለእንዲህ ያለው ነገር ስም አውጥተውለታል። በእኛ አባባል «ቁም ነገር ያለው የትርፍ ጊዜ ሥራ» እንደ ማለት ነው። ሬዲዮ ከፍቶ ጋደም ማለት አንድ ነው። በትርፍ ጊዜ የሚያዝ፣ ግን እውቀትና ልምምድ የሚጠይቅ፣ ሲያስቸግር የማይተዉት፣ ከዓመት ዓመት ደረጃ እየጨመሩ የሚሄዱበት ሥራ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ በልማድ «ጊዜ ማሳለፊያ» እንለዋለን። ስሙ አይገጥመውም። ዳንቴል የምትሠራ ሴት ጊዜዋን አታሳልፍም፤ ትማርበታለች።

ጄና ሃርቴል የሚባሉ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ፣ አሜሪካ ውስጥ ምግብ ማብሰልን ለራሳቸው ደስታ የያዙ ሰዎችን ቤታቸው ድረስ እየሄዱ አነጋግረዋል። ወጥ ቤታቸውንና የመጽሐፍ መደርደሪያቸውን ሳይቀር ፎቶ አንሥተዋል። እነዚያ ሰዎች መረጃ የሚፈልጉት ሥራ ሲጀምሩ ብቻ አልነበረም። ምን ልሥራ ሲሉ፣ ዕቃ ሲገዙ፣ እሳቱ ላይ ጥደው፣ በልተው ከጨረሱም በኋላ «ምን ጎደለው?» እያሉ ይፈልጋሉ። ይህን ሳነብ እማማ ፊቴ ላይ መጡብኝ። እሳቸው የሚያደርጉትም ይኸንኑ ነበር። የእሳቸውን መንገድ በአራት ከፍዬ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ዕቃውን ራሱን ማንበብ ነው። እማማ ሰው ቤት ሄደው አዲስ ዳንቴል ካዩ ፊቱን አይተው አይበቃቸውም። ገልብጠው ጀርባውን ያያሉ። መሐሉን ፈልገው ከዚያ ወደ ዳር ዙሩን ይቆጥራሉ። እያንዳንዷን ጥልፍ በእኛ ግቢ «ዐይን» ነው የምንላት። «ስንት ዐይን ነው?» ይሉ ነበር፤ «ከማን ገዛሽው?» ከማለታቸው በፊት። ክብ ዳንቴል ጠፍጣፋ ሆኖ እንዲተኛ በአጭሩ ዐይን ስንሠራ በየዙሩ 6፣ በረጅሙ ስንሠራ ደግሞ 12 ዐይን እንጨምራለን። ከዚያ ካነሰ እንደ ቆብ ይጎብጣል፤ ከበዛ እንደ ጎመን ቅጠል ይጨማደዳል። እማማ ቁጥሩን እንዲህ አድርገው አይናገሩትም። «ጎበጠ ማለት ራበው ማለት ነው፤ ተጨማደደ ማለት ጠገበ ማለት ነው» ይሉኝ ነበር። ይህ መጨማደድ እንኳ ትልቅ እውቀት አለበት። በ1997 (በአውሮፓውያን አቆጣጠር) ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበሩት የሂሳብ ምሁር ዳይና ታይሚና፣ በወረቀት ለማስረዳት የሚያስቸግር አንድ የጂኦሜትሪ ትምህርት ለተማሪዎቻቸው በእጅ የሚዳሰስ ያደረጉት በኪሮሽ ነው። በየረድፉ ዐይን እያበዙ ሆን ብለው አጨማደዱት።

ሁለተኛው ሰው መጠየቅ ነው። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ በዳንቴል ጉዳይ አንዲት ሴት «አላውቅም» ለማለት አታፍርም። ሃምሳ ዓመት የሞላት እናት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅን «ነይ እስቲ፣ ይቺን አሳዪኝ» ትላለች። ሁላችንም አንድ ሰው ብቻ ጠይቀን አንቀርም። አንዷ ያለችውን ለሌላዋ ነግረን «እንዴት ታይዋለሽ?» እንላለን።

ሦስተኛው ጽሑፍ፣ ሥዕልና ቪዲዮ ነው። ዛሬ ልጆቻችን በስልክ ዩቲዩብ ይከፍቱልናል፤ በቴሌግራም ንድፍ ይላክልናል። በምልክት የተሣለ ንድፍ የትም አገር ቢታተም ምልክቶቹን ለለመደ ይነበባል፤ ቋንቋ አያስፈልገውም። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የኪሮሹን መጠን በሚሊሜትር መያዝ ይሻላል፤ በቀጭኖቹ የብረት ኪሮሾች ላይ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ኪሮሹ ይቀጥናልና። የዳንቴል ክርም እንደዚሁ ነው፤ 40 ቁጥር ከ10 ቁጥር ይቀጥናል። በቅርቡ ደግሞ ሌላ ነገር መጥቷል። በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠሩ፣ ማንም በእጁ ያልሠራቸው የዳንቴል ፎቶዎች በንድፍ ስም ይሸጣሉ። ፎቶውን አጉልታችሁ አንዱን ክር ተከተሉት። ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ ካልታየ፣ ያ ዳንቴል የለም።

አራተኛው ሞክሮ መፍታት ነው። ትልቁን ሥራ ከመጀመር በፊት በዚያው ክርና በዚያው ኪሮሽ አሥር ሴንቲ ሜትር በአሥር ሴንቲ ሜትር የምትሆን ቁራጭ ሠርቶ መለካት። ከተሳሳትን ደግሞ መፍታት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል። ዳንቴል ላይ ያልቸኮለችም ትፈታለች፤ ግን አንድ ዙር ትፈታለች እንጂ ሙሉውን አትፈታም።

አሁን ሁለት ስሕተቶቼን ልናዘዝ። የመጀመሪያው የክር ነው። የአክስቴ ልጅ ስታገባ የጠረጴዛ ልብስ ልሥራላት ብዬ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ንድፍ አገኘሁ። እንግሊዝኛ አነባለሁ ብዬ ኮራሁ። «ዳብል ክሮሼ» ይላል፤ በቪዲዮ የተማርኩት ረጅሙ ዐይን ነው፤ እሱን እያልኩ ቀጠልኩ። ሦስት ሳምንት ሠራሁ። ሥራው ግማሽ ሳይደርስ የገዛሁት ክር አለቀ፤ ጨርቁም ከተባለው መጠን እጅግ ሰፋ። መርካቶ ሄጄ ያንኑ ቀለም ገዛሁ፤ አልገጠመም። ለካ በአንድ ጊዜ ያልተነከረ ክር ቀለሙ አንድ ዓይነት ቢባልም ይለያያል፤ ክሩ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የተጻፈውን የነከራ ቁጥር አይቶ መግዛት ያስፈልግ ነበር።

ለእማማ ወስጄ አሳየኋቸው። ወረቀቱን አገላበጡት። ማንበብ አይችሉም ብያችኋለሁ። ግን እንዲህ አሉኝ፦ «የኔ ልጅ፣ ይህን የጻፈው ሰው የየት አገር ሰው ነው? ለማን ብሎ ነው የጻፈው?»

መልስ አልነበረኝም። ሄጄ ፈለግሁ። ንድፉ የእንግሊዞች ነበር። እንግሊዞች «ዳብል ክሮሼ» የሚሉት አጭሩን ዐይን ነው፤ አሜሪካኖች ደግሞ በዚያው ስም ረጅሙን ይጠሩበታል። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት። መለያው ቀላል ነው፤ ንድፉ ውስጥ «ሲንግል ክሮሼ» የሚል ካለ የአሜሪካኖች ነው፤ እንግሊዞች ያ ስም የላቸውም። ሦስት ሳምንት የደከምኩበትን ፈትቼ እንደገና ጠቀለልኩት። እንግሊዝኛ የማነበው እኔ ያልጠየቅሁትን፣ ፊደል ያልቆጠሩት እማማ ጠየቁ።

ሁለተኛው ስሕተቴ የክር አይደለም። እዚህ ቆሜ ለመናገር ያመነታሁትም ይኸኛውን ነው። ታናሽ እህቴ ልብስ ስፌት ልትከፍት 60,000 ብር ለመበደር ትጠይቅ ነበር። አንድ ቀን ከአበዳሪው ቢሮ ደወለችልኝ። «እታለም፣ 15 በመቶ ነው የሚሉኝ፤ ይሻላል?» አለችኝ። እኔ ያን ጊዜ ዳንቴል ይዣለሁ። «ቆይ፣ ዐይን እየቆጠርኩ ነው» አልኳት። ዙሬን ቆጥሬ ጨረስኩና «15 በመቶ ጥሩ ነው፤ ፈርሚ» አልኳት። ፈረመች።

በሰባተኛው ወር ደረሰኞቿን ለሌላ ጉዳይ ስመለከት ደነገጥኩ። በየወሩ ከዋናው 5,000 ብር፣ ለወለድ ደግሞ 750 ብር ትከፍላለች። በመጀመሪያው ወር 750 ትክክል ነው፤ 60,000 ብር በዓመት 15 በመቶ ሲሰላ ለወር የሚደርሰው ያ ነው። በሰባተኛው ወር ግን የቀረባት ዕዳ 30,000 ብር ብቻ ነው። በቀሪው ዕዳ ላይ ቢሰላ ወለዱ 375 ብር በሆነ ነበር። እሷ ግን ያንኑ 750 ትከፍላለች። ውሉን አምጥታ አነበብኩት። ወለዱ ከመጀመሪያው ብድር ላይ እስከ መጨረሻው እንደሚሰላ ሁለተኛው ገጽ ላይ ተጽፏል። በቀሪው ዕዳ የሚሰላ ቢሆን የዓመቱ ወለድ 4,875 ብር ነበር፤ በዚህኛው ግን 9,000 ብር ነው። ልዩነቱ 4,125 ብር። ሁለቱም ስማቸው «15 በመቶ» ነው። ቃሉ አንድ፣ ሥራው ሁለት።

እህቴ አልወቀሰችኝም። «አንቺ ነሽ እኮ የሂሳብ ሰው፤ ጥሩ ነው ስላልሽኝ ነው» ብላ ብቻ ዝም አለች። የዚያን ዓመት የልጇን የደንብ ልብስ እኔ ገዛሁ፤ ይህ ግን ዕዳዬን አላወራረደልኝም። የከነከነኝ ብሩ ብቻ አይደለም። ለጠረጴዛ ልብስ እያንዳንዷን ዐይን የምቆጥር ሰው፣ ለእህቴ ውል አንድ ጥያቄ አልጠየቅሁም። የክሩ ስሕተት ተፈቶ ተጠቀለለ። የተፈረመ ውል ግን እንደ ዳንቴል አይፈታም።

እህቶቼ፣ ይህ የእኔ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የማኅበራችንን መዝገብ ስይዝ ዓመታት ሆኖኛል። ዳንቴሏ ላይ አንድ ዐይን ጎደለ ብላ ሌሊቱን ተቀምጣ የምትፈታ እናት፣ ወረቀት ሲሰጣት «የት ጋ ልፈርም?» ብቻ ትላለች። ወረቀት ስናይ ማፈር እንጀምራለን። «አላዋቂ ይሉኛል» እንላለን። ዳንቴል ላይ ግን አላዋቂነታችንን ጮክ ብለን እንናገራለን፤ ለዚህም ነው ያወቅነው። መጠየቁን እንችልበታለን ማለት ነው። የቀረን ነገር ያንኑ ድፍረት ከቡናው ዙሪያ ተሸክመን ወደ ቢሮው መውሰድ ነው።

ስለዚህ ለስብሰባው ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፣ ማንኛዋም አባል የብድር፣ የዋስትና ወይም የኪራይ ውል ከመፈረሟ በፊት የውሉን ቅጂ ቅዳሜ ይዛ ትምጣ። ማንም አይፈርድባትም። ገልብጠን ጀርባውን እናያለን። እማማ የጠየቁትን እንጠይቃለን፤ ይህን የጻፈው ማን ነው? ለማን ጥቅም ነው የጻፈው? ይህ ቃል እዚህ ላይ ምን ማለት ነው? ከዚያ እንደ መሞከሪያዋ ቁራጭ የመጀመሪያውን ወርና የሰባተኛውን ወር ክፍያ በወረቀት እንሠራለን። ስሌቱን እኔ አሳያለሁ፤ ሁለት ሦስቴ ካያችሁት እኔን አትፈልጉኝም። «ቅጂ አንሰጥም፣ ዛሬውኑ ፈርሚ» የሚል ካለ ደግሞ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል በሉት።

ሁለተኛ፣ የዳንቴል መዝገብ እንክፈት። ለእያንዳንዱ ሥራ አንድ ገጽ ይሁን፤ ፎቶው፣ የክሩ ቁጥር፣ የኪሮሹ መጠን፣ የዙሩና የዐይኑ ብዛት፣ ማን እንዳስተማረችን፣ የት ላይ እንደተሳሳትን። የማትጽፍ እናት ትናገር፤ የምትጽፍ ልጅ ትጻፍ። ስሕተቱ መጻፉ ይጠቅማል። ጥሩ መዝገብ የተሰረዘው ሁሉ የሚነበብበት ነው፤ ይህ በሙያዬ የተማርኩት ነው።

ሦስተኛው ሐሳቤ ለደጋፊዎቻችን ነው። በሪፖርታችን ስንት ሥራ ተሸጠ፣ ምን ያህል ገቢ ተገኘ ብላችሁ ትጠይቁናላችሁ። መጠየቃችሁ ደግ ነው፤ እኛም እንመልሳለን። ግን ከሠራነው አብዛኛው አይሸጥም። ለልጅ ሰርግ፣ ለአራስ ቤት፣ ለጎረቤት ይሰጣል። ያ ሰዓት ባክኗል ብላችሁ እንዳታስቡ። አንዲት ሴት መጠየቅን፣ ማገናዘብን፣ ተሳስቶ ማረምን ያለ ፍርሃት የምትለማመድበት ሌላ ቦታ ላይኖራት ይችላል። የቅዳሜውን ክርና ቡና ስትደግፉ የምትደግፉት ይህንንም ነው።

ልጨርስ ነው። እማማ ባለፈው ዓመት አርፈዋል፤ ነፍሳቸውን ይማር። ከዕቃዎቻቸው ለእኔ የደረሰኝ ይኸው በእጄ የያዝኩት ነው። ከኋላ ያላችሁ እንድታዩት ከፍ ላድርገው። ኮከብ ነው፤ ስምንት ጫፍ አለው። በሕይወት እያሉ አሥር ጊዜ ሲሠሩት አይቻለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ አልጻፍኩትም። ነገ እጽፈዋለሁ እያልኩ ቀረሁ። ይኸኛው መሐሉ ተበልቷል። ከዳር ወደ ውስጥ እየቆጠርኩ አምስተኛው ዙር ድረስ ደርሻለሁ፤ ከዚያ ውስጥ ያሉት አራት ዙሮች ጠፍተውብኛል። በስምንት ዐይን ጀመርኩት፤ ጎበጠ። በአሥራ ስድስት ጀመርኩት፤ ተጨማደደ። እየፈታሁ ነው።

ከመካከላችሁ ይህን ኮከብ የምታውቅ፣ ወይም እናቷ ስትሠራው ያየች ካለች፣ ከስብሰባው በኋላ ቡናው ጋ ትምጣልኝ። ደብተርና እስክርቢቶ ይዣለሁ።